ሦስተኛው «ለምን»

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ስትቆጣ፣ ማሽኖቹ ሁሉ እየተሽከረከሩ እንኳ ድምፅዋ ከማሽኖቹ በላይ ይሰማል። ሰው በፊቷ «እትዬ» ይላታል፤ ዞር ካለች ስሟ «ነጎድጓድ» ነው። ታውቃለች። አንዴ አዲስ የገባች ልብስ ተኳሽ አፏ አምልጧት «እትዬ ነጎድጓድ!» ብላ ብትጠራት፣ «አቤት! ዝናቡም ከኋላዬ እየመጣ ነው» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገድላዋለች።

ያን ሰኞ ጠዋት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ከማጠቢያው ወደ ሕሙማን ክፍሎች በሚወስደው ኮሪደር ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ በቀይ ማርከር እንዲህ ተጽፏል፦

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አንሶላ ለምን ጠፋ? ከሕሙማን ክፍል ስላልተመለሰ። ለምን አልተመለሰም? ጋሪው ስላላመጣው። ጋሪው ለምን አላመጣውም? ጋሪ ገፊው።»

በቃ። ጋሪ ገፊው። እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው? ሰው የሚያክል ነገር እንደ መልስ ተጽፎ ሲሰቀል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሪ ገፊው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የቆሸሸውን አንሶላ ወደ ማጠቢያ፣ የታጠበውን ወደ ሕሙማን ክፍል ሲገፋ ኖሯል። ጋሪው ፍሬን ስለሌለው ኮሪደሩ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ላይ ሲደርስ «ፍሬን የለም! ዞር በሉ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ጩኸት ሌላ በቀን አሥር ቃል የሚወጣው አይመስልም። በዚያው «ጋሼ ፍሬን» ሆኖ ቀረ። ፍሬን ይገጠምልኝ ብሎ ስንቴ አመልክቶ ዞር ብሎ ያየው የለም፤ አንሶላ ሲጠፋ ጊዜ ግን ወዲያው አስታወሱት። ሐሙስ ሳምንት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ሌባ ነው ከተባለ፣ ለጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ይባረራል። መባረሩ እንኳ ይቅር፤ ሌባ ተብሎ የወጣ ሰው በየትኛው ፊቱ ነው ሰፈሩ የሚገባው?

እትዬ ሰሌዳውን እንዳነበበች ደሟ ፈላ። ጨርቄን ማቄን ሳትል፣ ከነእርጥብ ሽርጧ ደረጃውን ወጥታ የአገልግሎት ኃላፊው ቢሮ በር ላይ ተገተረች።

ኃላፊው ገና ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ሰሌዳ የተነሳ ሠራተኛው እሱን ራሱን «ሰሌዳው» ይለዋል። ከሁለት ወር በፊት ከስልጠና ተመልሶ ሁሉንም አዳራሽ ሰብስቦ ነበር። «ችግር ሲገጥማችሁ ጥፋተኛ ሰው አትፈልጉ፤ አሠራሩን ፈልጉ» አለ። «አምስት ጊዜ ለምን በሉ። ቢሮ ተቀምጣችሁ አትፍረዱ፤ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ» አለ። እትዬ ስብሰባ የምትጠላ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ደብተር አውጥታ ጻፈች። ገና ድሮ እንዲህ የሚል አለቃ ቢመጣልን ኖሮ ብላ ጎኗ ላለችው ተኳሽ ሳይቀር አንሾካሽካለች። አሁን ያናደዳትም እሱ ነው። ሰውዬው ደደብ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተንጨረጨረች።

«አምስት ነው ያሉን!» አለች ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ። «እርስዎ ራስዎ አምስት ጊዜ ለምን በሉ ብለው፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ሲያገኙ ቆሙ!»

«እትዬ፣ ይረጋጉ። ምክንያቱ ከተገኘ መቀጠል አያስፈልግም።»

«ሰው ነው ምክንያቱ? ‹ሰው አትፈልጉ› ያልከው አንተ አይደለህም?» እርስዎ ማለቱ እዚህ ላይ ቀረ። «ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ አልክ። አንተ የትኛው ክፍል ሄደህ ምኑን አየህ? ከዚህ ወንበር ላይ ተነስተህ ታውቃለህ?»

ሰሌዳው ብዕሩን አስቀመጠ። «ቆጠራ ተካሂዷል። መደርደሪያ ላይ ያለው፣ አልጋ ላይ ያለው፣ ማሽን ውስጥ ያለው፣ ሁሉም ተቆጥሯል። ጉድለቱ ወረቀት ላይ አለ። አንሶላ ሁሉ የሚያልፈው ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ነው።»

«በኔስ እጅ አያልፍም?»

ሰሌዳው ፈገግ አለ። «ኧረ እትዬ! እርስዎን ማን ይጠረጥራል?»

እሷም ይህችን እንደ ምስጋና ተቀብላ፣ በሩን ግን በደንብ አድርጋ አጋጭታበት ወረደች።

በዚያው ቀን ጋሪው በሰንሰለት ታሰረ። ጋሼ ፍሬን እስከ ኮሚቴው ቀን ድረስ ሥራ ቦታው ላይ እንዲገኝ፣ ዕቃ የሚባል ግን እንዳይነካ ታዘዘ። አንሶላውን ከጽዳት ክፍል በተዋሱት ጋሪ ሌሎች በየተራ እየገፉ ያደርሱ ጀመር። ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳው ቁምሳጥን ፊት ለፊት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሼ ፍሬን እዚያ ተቀመጠ። ጠዋት ይመጣል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ማታ ተነስቶ ይሄዳል። የተኳሾቹ ሳቅ ጠፋ። ሁሉም በሱ በኩል ሲያልፍ ዓይኑን ይሰብራል፤ እትዬ ብቻ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «አይዞህ ጋሼ፣ እኔ አለሁ! እኔ እያለሁ ማን ነክቶህ!» ትላለች። እሱም ቀና ብሎ ያያትና ራሱን ይነቀንቃል።

ይህን ሰው እንዲህ የምትሟገትለት በከንቱ አይደለም። እዚህ ቤት የገባችው በሃያ ዓመቷ ነው። እናቷ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ልብስ በእጃቸው ሲያጥቡ ኖረው፣ «አንቺ እንኳ ማሽን ይጠብልሽ» ብለው መርቀው ልከዋት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከቀዶ ጥገና የመጣውን አንሶላ በሙሉ በፈላ ውኃ ለቀቀችው። ደም ደግሞ በሙቅ ውኃ ከተመታ አለቀለት፤ ጨርቁ ላይ ይበስላል፤ ሁለተኛ አይለቅም። አርባ አንሶላ ቡናማ ሆኖ ወጣ። የዚያን ጊዜው አለቃ «ማነው ይሄን የሠራው?» ብሎ ሲያንባርቅ፣ ጋሼ ፍሬን «ጋሪው ላይ የደሙን ከሌላው የቀላቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። ስድቡን ጠጥቶ ወጣ። በማግስቱ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ፊቷ አስቀመጠና «ደም በዚህ ነው» አላት። እሷም እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ነገር በሆዷ የማታሳድር ሴት ናትና፣ ቤቷም ስትገባ እሳት እንደለበሰች ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በዚያ ሳምንት መኪናው ቆሞበት ደጅ ሲፈታታ ይውላል። እሷ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ሰው ክፋት እያወራች ሳህን ታጋጫለች፤ እሱ ግሪስ የተለወሰ እጁን እንደ እስረኛ ዘርግቶ ቆሟል።

«ሳሙና የለም ወይ?» አላት።

«የለም! አልቋል። ምን ነበር የምልህ? አዎ፣ አየህ፣ ሰው እንዴት...»

«ትናንት ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ሳወጣ አሥራ ስምንት ሳሙና ቆጥሬያለሁ።»

«እሱ ለክፉ ቀን ነው!»

«ታዲያ ከዚህ የከፋ ቀን አለ? በዚህ እጄ እንጀራ ልብላ?»

«እኔ ስለ ሰው ሕይወት እየነገርኩህ አንተ ስለ ሳሙና?» ብላ ቱግ አለች። ባሏ እየሳቀ በአሸዋ ታጠበ። ሻንጣው ግን አልተከፈተም።

ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥም እንዲህ ያለ አንድ ሻንጣ ነበራት። ከአግዳሚው ወንበር ፊት ለፊት ያለው ቁምሳጥን ማለቴ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ንጹሕ አንሶላ አልቆ አንዲት እናት ካርቶን ላይ ተኝታ ወለደች። እትዬ ያንን ካርቶን በዓይኗ አየችው። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ማሽኑን ተደግፋ አለቀሰች፤ «ሁለተኛ እኔ እያለሁ!» ብላ ማለች። አራት አንሶላ አውጥታ ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆለፈች። በሩ ላይ «የሚጠገን» የሚል ወረቀት ለጠፈች፤ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረች። ቆጣሪዎች ሲመጡ «የሚጠገን» የሚለውን አንብበው ያልፋሉ። እሷም ታልፋለች። እውነቴን ነው፣ ሰው የራሱን ነገር የማያይበት የዓይን ጥግ አለው።

የተከታዩ ሳምንት ረቡዕ ደረሰ። ኮሚቴው ነገ ነው። ጋሼ ፍሬን ጠዋት ሲገባ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር፤ ለነገ መለማመዱ መሆን አለበት። እትዬ ያን ሸሚዝ አይታ ደረጃውን ወጣች።

«ና ውረድ» አለችው ሰሌዳውን።

«እትዬ፣ ስብሰባ አለብኝ...»

«ስብሰባህ ገደል ይግባ! በዓይናችሁ እዩ ያልከው ውሸትህን ካልሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ጋሪውን አንተ ትገፋለህ። እምቢ ካልክ ያን ሰሌዳ አውርጄ ልብስ እተኩስበታለሁ።»

ፀሐፊዋ አፏን በወረቀት ሸፈነች። ሰሌዳው ወረደ። ምን ያድርግ? የጋሪው ሰንሰለት ተፈታ፤ ኮቱን አውልቆ መግፋት ጀመረ። ንጹሕ አንሶላ የጫነ ጋሪ ቀላል የሚመስለው ገፍቶት የማያውቅ ሰው ነው። የፊት ጎማው ወደ ግራ ይጎትታል፤ የሰውዬው ቀጭን ጫማ መሬቱን አይነክስም። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ጋሪው ይዞት ነጎደ። እሱ መጮኽ አላወቀበትም። እትዬ ናት ከኋላ «ፍሬን የለም! ዞር በሉ!» ያለችው፤ ሰዉ ግድግዳ ተለጥፎ አመለጠ፤ ጋሪው ከነሰሌዳው የበር መቃን ላይ ተላተመ።

«ሠላሳ አራት ዓመት» አለችው ቆማ። አልረዳችውም።

የሕፃናት ክፍል ሲደርሱ ፍራሾቹን ራሷ ትገልብ ጀመር። በእያንዳንዱ ፍራሽ ሥር ሁለት ሦስት የታጠፈ አንሶላ ተነጥፏል። ነርሷ እንደተያዘ ሌባ አቀረቀረች። የወንዶች ክፍል ውስጥ የተበላሸ ማቀዝቀዣ አለ፤ ሲከፈት እስከ አፉ በአንሶላ ተጠቅጥቋል። «ወይ ጉድ!» አለ ሰሌዳው፤ ዓይኑን ማመን አልቻለም። እትዬ ግን ንዴቷ እየባሰ ሄደ። በየክፍሉ ሲያገኙ በየክፍሉ ትጮኻለች። «እናንተ ስትሸሽጉ ሽማግሌ ሰው ሌባ ይባልላችሁ! ኅሊና የላችሁም? ነገ ኮሚቴ ፊት ሲቆም ምን ልትሉ ነበር? ዝም?»

መጨረሻ የቀዶ ጥገና ክፍል ደረሱ። የዚያ ክፍል ኃላፊ ሲስተር የእትዬ እኩያ ናት፤ አብረው ያረጁ፣ የተዛዘሉ ባልንጀሮች። ሲስተር «ውኃ የለውም» ተብሎ የተዘጋ የመታጠቢያ ክፍል ነበራት። እትዬ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ከወለሉ እስከ መስኮቱ አንሶላ ነው።

«አንቺም?» አለች እትዬ። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ አገሳ። «አንቺም! የገዛ ጓደኛዬ! እፍረት አልፈጠረብሽም?»

ሲስተር አላፈረችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «አዎ ደብቄያለሁ። ለምን ብለሽ ጠይቂኛ! ጩኸት ብቻ ነው የምታውቂው?»

«እሺ፣ ለምን?»

«የአውቶቡሱ አደጋ ቀን ረሳሽው? ስድስት ዓመቱ ነው። ቁስለኛ እንደ ጆንያ እየተጫነ ሲመጣብኝ እየሮጥኩ እታች ወረድኩ። እባክሽ፣ አሥር እንኳ ስጪኝ ብዬ ለመንኩሽ። ቁምሳጥንሽን በጀርባሽ ተደግፈሽ ‹የለም› አልሽኝ። የቆሸሸ አንሶላ ገልብጬ ነው ሰው ያስተኛሁበት። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ የገባ አንሶላ ተመልሶ አይወጣም ብዬ ማልኩ። የሌሎቹ ክፍሎች ነርሶችም ሁሉ ከኔ አይተው ነው። አንቺ የለም ካልሽ ምን እናድርግ?»

እትዬ ለመጮኽ አፏን ከፍታ ነበር።

ያን ቀን አስታወሰችው። በጀርባዋ የተደገፈችው በር ቀዝቃዛ እንደነበር ሳይቀር አስታወሰች። አራቱ አንሶላ አራት ሆኖ አልቀረም ነበር። አዲስ በመጣ ቁጥር አምስት፣ ስድስት እያለች፣ «ለክፉ ቀን» እያለች ጨምራለች። በአውቶቡሱ አደጋ ቀን ቢያንስ ሠላሳ አንሶላ ከኋላዋ ነበር። እና «የለም» አለች። «ይሄ ለክፉ ቀን ነው» ብላ ነው የለም ያለችው! ሰው በደም እየታጠበ ሲገባ፣ ከዚያ የከፋ ምን ቀን ትጠብቅ እንደነበር እንጃላት።

ዝም ብላ ወጣች። ነጎድጓድ ዝም ስትል ሰው ይፈራል፤ ሲስተርም ፈራችና «ምነው?» ብላ ተከተለቻት። ሰሌዳው ግን ደስ ብሎታል። እየገፋ፣ እያለከለከ፣ ይደምራል።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ተገኘ፣ እትዬ! ልክ ነበሩ። ሰሌዳውን አስተካክላለሁ። የሚቀረው ዘጠና ስምንት ብቻ ነው።»

«ለዘጠና ስምንቱስ?» አለች ሳትዞር።

«ለሱማ ኮሚቴው መልስ ይፈልጋል። ጋሼ ነገ ያስረዳል እንግዲህ።»

ማጠቢያው ክፍል ገቡ። ጋሼ ፍሬን እዚያው ነው፤ ንጹሑ ሸሚዝ፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ። እትዬ ከአንገቷ ላይ ክሩን በጠሰችው። ቁልፉን ከትታ አዞረችው። በሩ ሲከፈት ላይኛው ክምር ተንዶ እግሯ ሥር ወደቀ። ማሽኑን አንዷ ተኳሽ አጠፋችው።

«ቁጠር» አለችው ሰሌዳውን። «ቁጠር እንጂ! ምን ታፈጣለህ?»

ተንበርክኮ ቆጠረ። ዘጠና አንድ ነበር። ሰባቱ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰባት አንሶላ ተቀዶ ያልቃል፣ ያንን እንኳ የማያውቅ ኮሚቴ አይምጣ።

እትዬ ከወደቁት አንዱን አንስታ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ነጩ ሰሌዳ ላይ «ጋሪ ገፊው» የሚለውን በአንሶላው ጫፍ ትፈትግ ጀመር። ዘጠኝ ቀን የቆየ ቀለም ነውና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ቀይ ጥላ ነገር ቀረ። ማርከሩን ከሰውዬው ኪስ መነጨቀችው።

«አራተኛ» አለች እየጻፈች። «ጋሪው ለምን አላመጣውም? ሲስተሮቹ ስለደበቁት። አምስተኛ። ለምን ደበቁት? ማጠቢያው አንሶላ እያለው የለም ስላለ። በል አሁን ከሥሩ ስሜን ጻፍ።»

ሰሌዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስም አንጽፍም፣ እትዬ። ትክክል ነዎት፣ ሰው ምክንያት አይሆንም። አሠራሩን ነው የምናስተካክለው።»

«አሃ! ለኔ ሲሆን አሠራር፣ ለሱ ሲሆን ሌባ? እርስዎን ማን ይጠረጥራል አላልከኝም? ጻፍ እንጂ! እኔ የተናቅሁ ጋሪ ገፊ ስላልሆንኩ ነው የማይጻፈው?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ማርከሩን ተቀብሎ የራሱን ስም ከላይ፣ የእሷን ከሥሩ ጻፈ። ከዚያ ኮሚቴውን ለመሰረዝ ወደ ላይ ሄደ።

እትዬ ወደ አግዳሚው ወንበር ተመለሰች። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ የሚያርፍበት ሰው ብቻ ጠፋው። ስለዚህ ጋሼ ፍሬን ላይ አረፈ።

«አንተስ?» አለችው። «ቁመቴ አይደርስም ብዬ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የምትደረድርልኝ አንተ አይደለህም? ስንት እንዳለ ከኔ በላይ ታውቃለህ! ሌባ ሲሉህ እዚህ ተቀምጠህ፣ ቁምሳጥኑ ዓይንህ ሥር ሆኖ፣ ለምን አልተናገርክም?»

ጋሼ ፍሬን ቀና አለ። «አንሶላውን የት አደረስከው ነው ያሉኝ» አለ። «ለምን ያለኝ የለም።»

«እሺ እነሱ ይቅሩ! እኔስ? አይዞህ እያልኩህ በፊትህ ሳልፍ፣ ለኔ እንኳ ለምን አልነገርከኝም?»

«ራስሽ ትከፍቺዋለሽ ብዬ» አለ። «ጠዋት ጠዋት ዛሬ ትከፍተዋለች እያልኩ ነበር የምመጣው።»

ዘጠኝ ጠዋት ሙሉ እንዲህ እያለ መጣ። እትዬ ወለሉ ላይ፣ የተናዱት አንሶላዎች መካከል ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ጋሼ ፍሬን ተነሳ። የተናዱትን አንድ በአንድ ከሥሯ እየለቀመ አጥፎ ጋሪው ላይ ጫነ። ለማዋለጃው ክፍል ይበቃል አለና እየገፋ ወጣ።